አሜን ብሬክ ምንድን ነው?

ለጓደኞቼ ጀንግል ወይም ድራም ኤንድ ቤዝ የሚባሉትን ፈጣን የእንግሊዝ የዳንስ ሙዚቃዎች ስከፍትላቸው አስተያየታቸው ሁሌ አንድ ነው፦ «ይሄ ድራም ማን እያባረረው ነው?» አይፈረድባቸውም። በደቂቃ ከ160 እስከ 180 ምት ነው የሚሮጠው። የሚገርመው ግን፣ እጅግ ብዙ ዘፈኖች ውስጥ የሚሮጠው ያው አንድ ድራም ነው። ስሙም አሜን ብሬክ ይባላል።

ብሬክ ማለት በዘፈኑ መሃል ሌላው ሁሉ ዝም ብሎ ድራሙ ብቻውን የሚቀርበት ቦታ ነው። አሜኑ ደግሞ ያው የምናውቀው አሜን ነው። ዘ ዊንስተንስ የሚባል የአሜሪካ ሶል ባንድ እ.ኤ.አ. በ1969 ከአንድ መንፈሳዊ መዝሙር ተነስቶ «አሜን ብራዘር»ን በመሣሪያ ብቻ ተጫወተ። በሸክላው ጀርባ የገባ ማሟያ ነበር። የፊቱ ዘፈን ግራሚ ወሰደ፤ የጀርባውን ዞር ብሎ ያየው አልነበረም።

እዚያ ላይ 1 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ አካባቢ ድራመሩ ግሪጎሪ ኮልማን ብቻውን ይቀራል። ሰባት ሰከንድ ቢሆን ነው፣ አራት ባር (እያንዳንዱ ባር አራት ምት ነው)። ሁለቱን ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ሦስተኛው ላይ ስኔሩን (ጠንከር ብሎ የሚጮኸውን ትንሹን ከበሮ) ትንሽ ያዘገየዋል። አራተኛው ላይ የመጀመሪያውን ምት ጭራሽ ይዘለዋል፤ ከዚያ ሲምባሉን (የብረት ሳህኑን) ሳትጠብቁት ይመታዋል። የተደናቀፈ ይመስላል። ጣዕሙ እሱ ነው።

በ1986 ይህች ቁራጭ ለዲጄዎች በተዘጋጀ የብሬክ ስብስብ ላይ ወጣች። መጀመሪያ የሂፕ ሆፕ ሰዎች ተጠቀሙባት። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የለንደን ልጆች ሳምፕለር (ድምፅ ቀድቶ የሚቆራርጥ መሣሪያ) ውስጥ ከተቷትና ኪኩን (በእግር የሚመታውን ትልቁን ከበሮ) ለብቻ፣ ስኔሩን ለብቻ ቆራርጠው እንደገና ገጣጠሟት። ፍጥነቷንም ጨመሩ። ከሥሯ የጃማይካ ሳውንድ ሲስተም (የዳንስ ትልልቅ ስፒከሮች) ዓይነት ከባድ ቤዝ፣ ማለትም ወፍራም ዝቅተኛ ድምፅ፣ አስገቡ። ጀንግል ያኔ ተወለደ።

ጀማሪ አድማጭ ግራ የሚጋባው ድራሙን በእግሩ ልከተል ሲል ነው። ተዉት ይሩጥ። ቤዙን ያዙ፤ አብዛኛውን ጊዜ በግማሽ ፍጥነት፣ እንደ ሬጌ ዘና ብሎ ነው የሚሄደው። በስልክ ስፒከር ግን እንዳትሞክሩት። ቤዙ ይጠፋና የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የወረደ በረዶ ብቻ ይቀራችኋል።

በሌኒ ዲ አይስ «ዊ አር አይ ኢ» (1991) ጀምሩ፤ አሜኗ ገና ብዙ ሳትቆራረጥ ትሰማላችሁ። ቀጥሎ የሻይ ኤፍኤክስና የዩኬ አፓቺ «ኦሪጅናል ናታ» (1994)፤ ይሄ ቤት ውስጥ ቁጭ ብለው የሚሰሙት አይደለም። ከዚያ የጎልዲ «ታይምለስ» (1995)። 21 ደቂቃ ስለሚፈጅ ምሽት ላይ፣ ሥራ ሲያልቅ ይሻላል። የሮኒ ሳይዝ «ብራውን ፔፐር ባግ» (1997) የመጣው ከብሪስቶል ነው፤ እሱን ለኮንትራባሱ (ቆመው ለሚጫወቱት ትልቅ ባለ ክር መሣሪያ) ብላችሁ ስሙት።

ኮልማን ከዚህ ሁሉ አንድ ሳንቲም አላገኘም። በ2006 አትላንታ ውስጥ ቤት አልባ ሆኖ ሞተ። በ2015 አድናቂዎች አዋጥተው ለባንዱ መሪ ለሪቻርድ ስፔንሰር 24,000 ፓውንድ ሰጡ። ለድራመሩ ግን አልደረሰም።