አንጻር ምንድን ነው?

ልቦለድ ስናነብ ታሪኩን የሚነግረን አንድ ድምፅ አለ። ያ ድምፅ ደራሲው ራሱ አይደለም፤ ደራሲው የፈጠረው ነው። ተራኪ እንለዋለን። ተራኪው የት ቆሞ ያያል? ምን ያህል ያውቃል? የማን ልብ ውስጥ መግባት ይችላል? የነዚህ ጥያቄዎች መልስ አንጻር ይባላል።

ትምህርት ቤት አንጻርን የምንማረው እንደ ሰዋስው ነው። «እኔ» ካለ አንደኛ መደብ፣ «እሱ» ወይም «እሷ» ካለ ሦስተኛ መደብ። ልክ ነው፤ ግን ዋናው ነገር ይቀርበታል። ለእኔ አንጻር ከሁሉ በፊት የእውቀት ወሰን ነው። ደራሲው ተራኪውን ሲመርጥ አንባቢው የማያውቀውንም አብሮ ይመርጣል።

አንድ ታሪክ እንውሰድ። ሰውዬው ከዘጌ እንጨት ጭኖ በደንገል ታንኳ ወደ ባሕር ዳር እየቀዘፈ ነው። የጣና ነፋስ ተነስቷል። ከዳር አንድ ልጅ ቆሟል።

«ክንዴ ዛለ። ማዕበሉ ታንኳዋን ወደ ጎን ይገፋታል። ከዳር የሆነ ሰው ይታየኛል፤ ማን እንደሆነ ግን አልለየሁትም።»

ይህ አንደኛ መደብ ነው። ከቀዛፊው ጋር ውኃው ላይ ነን። ድካሙ ይሰማናል፤ ልጁ ለምን እንደቆመ ግን አናውቅም።

«ልጁ ዓይኑን ከታንኳዋ አልነቀለም። ምን ብሎ ይንገረው? እናቱን ጠዋት ሆስፒታል አስገብተዋታል። አባቱ አንገቱን ደፍቶ ይቀዝፋል።»

አሁን ሦስተኛ መደብ ነው፤ ግን ተራኪው ከልጁ አይለይም። ውስን አንጻር ይሉታል። አባትየው ምን እያሰበ እንደሆነ ልጁ አያውቅም፣ እኛም አናውቅም።

«ቀዛፊው ከዳር የቆመውን አልለየውም። እንጨቱን ሸጦ ለሚስቱ ነጠላ ሊገዛላት አስቧል። ልጁ ደግሞ የእናቱን መታመም በምን አፉ እንደሚነግረው ጨንቆታል።»

ይህ ሁሉን አወቅ ነው። ታንኳውም ሰዎቹም ያው ናቸው። ግን ነጠላዋ አንጀት የምትበላው እዚህ ብቻ ነው፤ አባትየው የማያውቀውን እኛ አውቀናልና።

ከዘጌ ሳንርቅ፣ የዘጌው ተወላጅ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም ሮም ያሳተሙት ልቦለድ አለ። ዛሬ «ጦቢያ» የምንለው ነው፤ የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ። እዚያ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ትጓዛለች። ከንጉሡ ቤተሰብ የሆነች ልጃገረድ ወንድ መስላት ትወዳታለች። ተራኪው ሁሉን አወቅ ስለሆነ እኛ ምስጢሩን እናውቃለን፤ «መቼ ይሆን የምትነቃባት?» እያልን እናነባለን። ታሪኩን ይህችው ልጃገረድ በ«እኔ» ብትተርከውስ? እኛም አብረናት እንታለል ነበር። ታሪኩ ሳይለወጥ ሌላ መጽሐፍ ይሆናል።

ከዚህ በተቃራኒ የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» (1975 ዓ.ም) አስቡ። የሚተርከው ጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለማርያም ነው። ጦርነቱንም ፍቅሩንም በእሱ ዓይን እናያለን። ይህ መጥበብ ጉድለት አይደለም፤ ያን መጽሐፍ ሲያነቡ ትንፋሽ የሚያጥረው በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል።

«አንተ» ወይም «አንቺ» እያለ የሚተርክም አለ፤ ሁለተኛ መደብ ነው። አልፎ አልፎ ነው የሚገኘው፣ ረጅም ልቦለድ መሸከምም ይከብደዋል።

ጀማሪ ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ የሚቸገሩት አንጻር በመምረጥ ሳይሆን በመጠበቅ ነው። «እኔ» እያለ የሚተርክ ገጸ ባሕርይ «ፊቴ በድንጋጤ አመድ መሰለ» ይላል። ፊቱን በምን አየው? መስታወት የለ። ወይም ውስን አንጻር ይዞ አሥር ገጽ ከልጁ ጋር ከቆየ በኋላ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ድንገት አባቱ ልብ ውስጥ ይገባል። አንባቢ ስሙን ባያውቀውም አንድ ነገር እንደተናጋ ይሰማዋል። ስለዚህ ረቂቃችሁን ስታርሙ እርሳስ ያዙና በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ላይ ጠይቁ፦ ይህን ተራኪው ከየት አወቀው? መልስ ያላገኛችሁለትን አስምሩበት። ከዚያ ወይ ይሰረዛል፣ ወይ ተራኪው ይለወጣል።