ስፔስ ዌስተርን ምንድን ነው? ባርኔጣውን እንኳ ተዉት

«ሦስተኛው ምዕራፍ ስፔስ ዌስተርን መሆኑ ቀርቷል። በረሃ የለ፣ የሽጉጥ ፍልሚያ የለ፣ ብቸኛ ተኳሽ የለ!» በ«ስታር ዋርስ» ዓለም ስለሚካሄደው የቴሌቪዥን ተከታታይ ስለ «ዘ ማንዳሎሪያን» እንዲህ ሲባል ስንት ጊዜ እንደሰማሁ መቁጠር ትቻለሁ። ተናጋሪው ቅር መሰኘቱ መብቱ ነው፤ በ2023 በቀረበው በዚያ ምዕራፍ እኔም ቅር የተሰኘሁባቸው ነገሮች አሉ። የሚያናድደኝ ግን ስፔስ ዌስተርንን፣ ማለትም የዌስተርንን (የአሜሪካ ምዕራብ የካውቦይ ታሪክን) መንፈስ ወደ ጠፈር የወሰደውን ዘውግ፣ የልብስ ስም ማድረጉ ነው።

አሸዋና ባርኔጣ መለኪያ ከሆኑ በ1981 የወጣውን «አውትላንድ» የተባለ ፊልም የት ልናስገባው ነው? ታሪኩ የሚካሄደው አዮ በምትባለው የጁፒተር ጨረቃ ላይ፣ በማዕድን ማውጫ ውስጥ ነው። ፈረስም በረሃም የለበትም። ያለው አንድ የሕግ አስከባሪ ነው፤ ገዳዮቹ በሚቀጥለው መንኩራኩር እንደሚመጡ ያውቃል፣ አጠገቡ የሚቆም ሰው ግን አጥቷል። ከዚህ በላይ ዌስተርን አላውቅም። በተቃራኒው ፈረሱን በሮኬት፣ ሽጉጡን በጨረር መሣሪያ ተክቶ የሚጻፍ ታሪክ ጥንትም መሳለቂያ ነበር፤ «ጋላክሲ» የተባለው መጽሔት በ1950 ገና የመጀመሪያ እትሙ ላይ፣ በጀርባ ሽፋኑ፣ ሁለቱን ዓይነት ጽሑፍ ጎን ለጎን አትሞ አፊዞበታል።

ታዲያ ምንድን ነው? ቁልፉ ያለው ጠረፍ በሚለው ቃል ውስጥ ነው። ድንበር አላልኩም። ድንበር ሁለት መንግሥታት የሚገናኙበት መስመር ነው፤ ጠረፍ ግን የአንድ መንግሥት ጉልበት እየሳሳ የሚሄድበት ሰፊ ምድር ነው። ሕግን እንደ ኩራዝ እናስበው። ከኩራዙ ሥር የሚፈጠረው ታሪክ የፖሊስና የፍርድ ቤት ታሪክ ነው። ብርሃኑ ፈጽሞ በማይደርስበት ደግሞ ያለው ነፍስን የማትረፍ ትግል ብቻ ነው። ዌስተርን የሚኖረው በመካከሉ፣ ብርሃንና ጥላ በሚደባለቁበት ቀለበት ላይ ነው። እዚያ ሕግ መኖሩን ሁሉም ያውቃል፤ ሲጠሩት ግን አይደርስም፣ ሳይጠሩት ደግሞ ይመጣል።

በ«ዘ ማንዳሎሪያን» ሁለተኛ ምዕራፍ የአዲሱ ሪፐብሊክ፣ ማለትም የጋላክሲው መንግሥት፣ ሁለት አብራሪዎች የተከታታዩን ጀግና፣ ተፈላጊ ሰዎችን በክፍያ የሚያድነውን ዲን ጃሪንን፣ ሰማይ ላይ ያስቆሙታል። መንኩራኩሩ የመለያ ምልክት አታስተላልፍም፤ እሱም የሚፈለግበት ጉዳይ አለ። በኋላ በመልካም ሥራው ምክንያት ይተዉታል፤ የተሰባበረችውን መንኩራኩር ለመጠገን ግን እጃቸውን አያነሡም፣ ትተውት ይበራሉ። ኩራዙ ብልጭ ብሎ አለፈ ማለት ነው።

ኩራዝ ደግሞ ይንቀሳቀሳል። የአሜሪካ የ1890 ሕዝብ ቆጠራ የጠረፍ መስመር የሚባል ነገር ከእንግዲህ እንደሌለ አስታወቀ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ታሪክ ጸሐፊው ፍሬደሪክ ጃክሰን ተርነር በዚያ ላይ ተመሥርቶ፣ አሜሪካን የቀረጸው ጠረፉ ነው የሚለውን ታዋቂ ጽሑፉን ቺካጎ ላይ አቀረበ። ስለዚህ ዌስተርን ከመነሻው የሚያልቅ ነገር ታሪክ ነው። አቅጣጫው መቀየሩ በራሱ ክህደት አይደለም፤ ቀለበቱ ሲሰፋ ጀግናው ወይ ወደ ጥላው ይሸሻል፣ ወይ ብርሃኑ ውስጥ መኖርን ይለምዳል። ጂን ሮደንቤሪ የፈጠረውን የጠፈር ተከታታይ «ስታር ትሬክ»ን ለቴሌቪዥን ጣቢያዎች ሲያቀርብ ወደ ከዋክብት የሚጓዝ «ዋገን ትሬን» ብሎት ነበር፤ ያኔ ተወዳጅ የነበረ የዌስተርን ተከታታይ ስም ነው። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። የ«ስታር ትሬክ» መርከብ ኩራዙን ራሱ ተሸክሞ ነው የሚዞረው።

(ምሳሌዬ የሚሰበርበት ቦታ አለ። ጨለማ የሚታየው ኩራዙን ለያዘው ሰው ነው። ከዚያ ቀለበት ውጭ ያሉ ሕዝቦች የራሳቸው ሕግ አላቸው፤ ተርነርም በዋናነት የሚወቀሰው በዚህ ነው። «ዘ ማንዳሎሪያን» ይህንን ያውቃል፤ ስለ በረሃ ነዋሪዎቹ ስለ ተስከኖች ሲነሣ ዲን ጃሪን፣ እነሱ የአገሩ ባለቤት እኛ ነን ብለው እንደሚያምኑ፣ ሌላው ሁሉ መሬታቸውን እንደረገጠባቸው ይናገራል።)

ወደ ሦስተኛው ምዕራፍ እንመለስ። ተቺያችን ዌስተርን ጠፋ ያለው ኔቫሮን ሳያይ ነው። ያች ተፈላጊ ሰዎችን እያደኑ የሚሸጡ ሰዎች ጎሬ የነበረች ከተማ ገና በሁለተኛው ምዕራፍ የድሮ መጠጥ ቤቷን ትምህርት ቤት አድርጋዋለች። በሦስተኛው አስተዳዳሪዋ ግሪፍ ካርጋ ለዲን የሕግ አስከባሪነቱን ሥልጣን ያቀርብለታል፤ እሱ እንቢ ይላል። የባሕር ሳይሆን የጠፈር ወንበዴዎች ከተማዋን ሲወርሩ ካርጋ ለሪፐብሊኩ ይጮኻል፤ መልሱ ኔቫሮ አባል አይደለችም የሚል የቢሮ መልስ ነው። የሚደርሱላት የዲን ወገኖች የሆኑት፣ በስደት ያሉ ማንዳሎሪያኖች ናቸው፤ ውለታቸውንም በመሬት ትከፍላለች። ከአንደኛው ምዕራፍ ምን የጎደለው ነገር አለ?

ከዘውጉ የወጣው ሌላኛው ክር ነው፤ የማንዳሎሪያኖቹን አገር፣ ፕላኔቷን ማንዳሎርን የማስመለሱ ታሪክ። እዚያ የሚጠየቀው «ሕግ በሌለበት ማን ይፈርዳል?» አይደለም፤ «ዙፋኑ የማን ነው?» ነው። የማንዳሎርን ዙፋን የምትሻው ቦ-ካታን ኩራዙ ለማን እንደሚገባ እየተከራከረች ነው፤ ብርሃኑ የት እንደሚደርስ ግን የእሷ ጥያቄ አይደለም። ይህ የነገሥታት ታሪክ ነው፤ በረሃ ላይ ቢቀረጽም ዌስተርን አይሆንም ነበር። የአድናቂዎቹ ቅሬታ ወደዚህ ቢያነጣጥር አብሬያቸው እጮህ ነበር።

የተከታታይ ድራማ ጽሑፍ አርታዒ ስለሆንኩ ይህችን ሳልል ማለፍ አልችልም። ብዙ ሰው ዌስተርን ጠፋ ሲል የናፈቀው ዘውጉን ሳይሆን ቅርጹን ነው፤ ማለትም በየክፍሉ የሚጀምርና የሚያልቅ፣ አንድ መንደር፣ አንድ ችግር፣ ከዚያ ጉዞ የሚለውን አሠራር። ያ አሠራር ለመርማሪ ድራማም ለሐኪም ድራማም ያገለግላል። ሌላም አለ፤ ዲን የሚጠብቀው ልጅ ግሮጉ ወደ እሱ የተመለሰው «ዘ ቡክ ኦፍ ቦባ ፌት» በተባለው ሌላ ተከታታይ ውስጥ ነው። ያንን ያላየ ተመልካች የሁለተኛው ምዕራፍ ስንብት የት እንደገባ ቢጠይቅ አልፈርድበትም፤ ግን ይህ የአደረጃጀት ጉድለት ነው። «ጸሐፊዎቹ ተቀየሩ» የሚለውንም ተዉት፤ የአብዛኛዎቹ ክፍሎች ጽሑፍ ከመጀመሪያው ጀምሮ የተከታታዩ ፈጣሪ የጆን ፋቭሮው ነው። በስርጭት ቅደም ተከተል ላይ ተመሥርቶ «አቅጣጫ ቀየረ» ማለትም አደገኛ ነው፤ በ2002 «ፋየርፍላይ» የተባለው ስፔስ ዌስተርን ተከታታይ ሲተላለፍ መግቢያ ሆኖ የተሠራው ክፍል የታየው መጨረሻ ላይ፣ በታኅሣሥ ነበር።

የሦስተኛውን ምዕራፍ የመጨረሻ ክፍል ድጋሚ እዩት። ማንዳሎር ተመልሷል፣ ዙፋኑም ባለቤት አግኝቷል። ዲን ግን እዚያ አልቀረም። ከሪፐብሊኩ አብራሪ ጋር ተነጋግሮ፣ ሠራዊቱ ውስጥ ሳይገባ፣ እንደየጉዳዩ ከሪፐብሊኩ በፊት ጋላክሲውን ይገዛ የነበረውን የግዛተ ዐፄውን ርዝራዦች ሊያድን ይስማማል። ከዚያ ኔቫሮ ላይ፣ ከከተማዋ ወጣ ባለች ትንሽ ቤት ደጃፍ ተቀምጦ እግሩን ዘርግቷል፤ ልጁ ከእንቁራሪት ጋር ይጫወታል። ባርኔጣ አላደረገም።