ሐረጎን የሚወጣ ሞተር፦ በወሎ የድሮ መኪኖችን ሞተር የመቀየር ሥራ

በወሎ፣ በተለይ በደሴና በኮምቦልቻ ጋራዦች፣ የድሮ መኪና ሞተር ወርዶ በቅርብ ዘመን ሞተር ይተካል። ቦዲው እንዳለ ይቆያል። ሥራው የተለየ ስም የለውም፤ «ሞተር ቀየርኩላት» ይባላል፣ በቃ። አብዛኛውን ጊዜ የሚወርደው ቤንዚን ነው፣ የሚገባው ናፍታ። ሞተር ከሚቀየርላቸው መኪኖች ቀድመው የሚጠሩት ላንድሮቨር፣ የድሮው ባለ 40 ላንድክሩዘርና ዲኤክስ ኮሮላ ናቸው።

በሌላ አገር ይህ የሀብታም ጨዋታ ነው። ሰውየው አሮጌ መኪና ይገዛል፣ ትልቅ ሞተር ይጭንበታል፣ እሁድ እሁድ ይነዳታል። ወሎ ላይ መኪናዋ ሰኞ ጠዋት ሥራ መግባት አለባት። ገበያ ትወርዳለች፣ እህል ትጭናለች፣ ሙሽራም ታመጣለች።

ዳገቱ

ጉዳዩን ለመረዳት ከኮምቦልቻ ደሴ መውጣት ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ይህ ሁሉ ከፍታ የሚወጣው ሐረጎ በተባለው ዳገት ላይ እየተጠማዘዙ ነው።

ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል። ቱርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ያጣል። ስለዚህ ደሴ ላይ የቆመ መኪና ሩብ የሚሆን ጉልበቱ የለም ማለት ነው። ላንድሮቨር ሲሪየስ 3ን እንውሰድ። የቤንዚን ሞተሩ 2,286 ሲሲ ነው፣ ጉልበቱ 70 ፈረስ ገደማ። ደሴ ሲደርስ 50 ቢቀረው ነው። በዚያ ላይ ስምንት ሰው፣ ሦስት ኩንታል ጤፍና አንድ በግ ጫኑበት።

ቤንዚንን ከአየር የሚያቀላቅለው ካርቦራተር ሌላ ጣጣ አለው። ኮምቦልቻ ላይ በደንብ የተስተካከለ ካርቦራተር ደሴ ሲደርስ ለሳሳው አየር ቤንዚን ያበዛል። ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ጠዋት አልነሳም ይላል። ከድሮ ሾፌሮች ኪስ ካቻቢቴ የማይጠፋው ለዚህ ነበር። ናፍታ ካርቦራተር የለውም። ቱርቦ ያለው ናፍታ ደግሞ የሳሳውን አየር ጨምቆ ስለሚያስገባ ከፍታውን ብዙም አያውቀውም።

ጣልያን ጥሎት የሄደው

የጋራዥ ሙያ በወሎ ከመንገዱ ጋር መጣ። የጣልያን አውሮፕላኖች ደሴን የደበደቡት ኅዳር 26 ቀን 1928 ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያን ቀን እዚያው ደሴ ነበሩ። ሚያዝያ 7 ቀን የጣልያን ጦር ከተማዋን ያዘ። ከዚያ በኋላ ባሉት አምስት ዓመታት ጣልያን መንገድ ሠራች፦ ከአዲስ አበባ በጣርማበር ዋሻ አድርጎ ደሴ፣ ከደሴ ወደ ሰሜን፣ ከኮምቦልቻ ደግሞ በባቲ አድርጎ አሰብ። ኮምቦልቻ መገናኛ ሆነች። ከባሕር ወለል ተነስቶ የአፋርን ሙቀት አቋርጦ የመጣ ከባድ መኪና ሁሉ ዳገቱን ከመጀመሩ በፊት እዚያ ያርፍ ነበር። ያረፈ መኪና ደግሞ መካኒክ ይፈልጋል።

በ1933 ሚያዝያ ጣልያን ከደሴ ሲወጣ ቃላቱ ቀሩ። ዛሬም ደሴ ጋራዥ ገብቶ የሚሰማ ሰው ግማሹን ጣልያንኛ ይሰማል። ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን)፣ ፍሪሲዮን (ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኝና የሚያለያይ)፣ ቮላኖ፣ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ማርሚታ (የጭስ ማውጫ)፣ ባሌስትራ፣ ሞቶሪኖ። ጃፓን ሠራሽ ሞተር እንግሊዝ ሠራሽ መኪና ላይ ሲገጠም የሚሰማው ቋንቋ ይኸው ነው። ብሎኑን የሚያጠብቀው ልጅ ጣልያን አይቶ አያውቅም።

ከዚያ የመጣው የፊያት 682 ዘመን ነው። ሕዝቡ «ኤንትሬ» የሚለው። ጣልያን የድሮ ከባድ መኪኖቿን መሪ በቀኝ ታደርግ ነበር። በተራራ መንገድ ሾፌሩ የገደሉን ጠርዝ እያየ እንዲነዳ ይረዳዋል። ኤንትሬ ሐረጎን ስትወጣ ረዳቱ ታኮ ይዞ ከኋላ በእግሩ ይከተላት ነበር። ቆማ ወደ ኋላ ልትንሸራተት ስትል ጎማው ሥር ይጥል ነበር። የኤንትሬን ሞተር ማደስ የለመደ እጅ ነው በኋላ የትናንሾቹን ሞተር መቀየር የደፈረው። ለኔ የሙያው ትምህርት ቤት እሱ ነው።

በ1966 እና በ1977 ድርቅ ጊዜ የእርዳታ መኪኖች፣ በተለይ ላንድሮቨርና ላንድክሩዘር፣ በብዛት ወሎ ገቡ። አገልግሎታቸውን ሲጨርሱ በጨረታ ተሸጡ። ሞተራቸው አልቋል፣ ሻንሲያቸው ደህና ነው። ለዚህ ሥራ ከዚህ የተሻለ ዕቃ ከየት ይመጣል?

በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሳ፣ የአሰብ መንገድ ተዘጋ። በ2014 ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ፣ ብዙ ንብረት ተዘረፈ።

ማን ጀመረው በሚለው ክርክር አለ። የኮምቦልቻ ሰዎች እኛ ነን ይላሉ። ለአሰብ መንገድ ስለሚቀርቡ ዕቃ ቀድሞ እነሱ ጋ ደርሶ ሊሆን ይችላል። ዳገቱን በየቀኑ የሚወጣው ግን የደሴ ሰው ነው፤ የቸገረው ይቀድማል።

እንዴት ይሠራል

ሞተር ማውረድ ቀላል ነው። ችግሩ አዲሱን ከድሮው ካምቢዮ ጋር ማጋባቱ ነው። የአንዱ ፋብሪካ ሞተር ጀርባ ከሌላው ካምቢዮ ፊት ጋር አይገጥምም፤ የብሎን ቀዳዳዎቹ ይለያያሉ። ስለዚህ በመካከል ወፍራም የብረት ሳህን ይገባል።

ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ ጋራዥ ውስጥ ባለ 109 ላንድሮቨር (ረጅሙ) ላይ የቶዮታ 3ኤል ናፍታ ሞተር ሲገጠም ቆሜ አይቻለሁ። መካኒኩ የሳሙና ካርቶን ቀደደ። ካርቶኑን ካምቢዮው ፊት ላይ ለጥፎ ዳር ዳሩንና ቀዳዳዎቹን በመዶሻ ቀስ አድርጎ ጠቀጠቀ። ካርቶኑ በቅባት ታትሞ የካምቢዮው ፊት ወጣ። ሞተሩንም እንደዚያው አደረገ። ሁለቱን ካርቶኖች በብብቱ ይዞ ብረት ወደሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት ሄደ። ማታ ሳህኑን ተሸክሞ ተመለሰ።

ካርቶን ግን የብሎኑን ቀዳዳ እንጂ መሃሉን አያሳይም። የሞተሩና የካምቢዮው መሃል በአንድ ሚሊ ሜትር እንኳ ከተሳተ ኩሽኔታው በጥቂት ወር ይበላል፣ ፍሪሲዮኑ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ መሃሉን በመለኪያ አረጋገጠ። ሳህኑን ሁለት ጊዜ ወደ ቶርኖ ቤት መለሰው። ቶርኖ ሠራተኛው ተሳደበ፣ ግን አስተካከለ።

ከዚያ ሌላው ይመጣል። ሞተሩ የሚቀመጥበት ማረፊያ ተቆርጦ ይበየዳል። የዘይት ቋቱ ከፊት አክስል ጋር እንዳይጋጭ ከፍታው ይለካል። ናፍታ ፖምፓ የተረፈውን ነዳጅ ወደ ታንከር ስለሚመልስ ሁለተኛ ቱቦ ይዘረጋል። ታንከሩም ከቤንዚን ይታጠባል። ማርሚታው እንደ አዲስ ይታጠፋል።

ፍሬን ብዙዎች የሚረሱት ነገር ነው። የቤንዚን ሞተር አየር ሲስብ ፍሬኑን የሚያቀልለውን ቫክዩም አብሮ ይሰጣል። ናፍታ ይህን አይሰጥም፣ የራሱ ፖምፓ ያስፈልገዋል። በ3ኤል ላይ ዲናሞው ጀርባ ላይ ተቀምጣለች። እሷን ሳያገናኙ ሐረጎን መውረድ ራስን መግደል ነው። ያም ሆኖ የላንድሮቨሩ ፍሬን የድሮው ከበሮ ነው። ጉልበት ጨምሮ ፍሬኑን እንዳለ የሚተው መካኒክ ሙሉ ሥራ ሠርቷል አልልም።

ሙከራው ያው ዳገቱ ነው። ወደ ኮምቦልቻ ይወረዳል፣ ይዞራል፣ ይወጣል። መንገዱ ላይ ዶሮ መዝለያ የተባለው ቦታ ሲደረስ የሞተሩ ሙቀት ይታያል። ጥንቁቅ ባለቤት ባቲ ድረስ ይወርዳል። ደሴ ብርድ ስለሆነች የደከመ ራዲያተር እዚያ አይታወቅም።

የትኛው ሞተር

ለላንድሮቨር የራሱ ዘር የሆነው 200ቲዲአይ፣ 2.5 ሊትር ቱርቦ ናፍታ፣ ይሻላል የሚሉ አሉ። ከድሮው ብሎክ የወረደ ስለሆነ የሲሪየሱን ካምቢዮ ያለ ብዙ ጣጣ ይቀበላል። እውነት ነው። ወሎ ላይ ግን ሰው የሚመርጠው የቶዮታን ነው። ምክንያቱም ወልድያ ላይ ቢበላሽ መለዋወጫው ወልድያ ላይ አለ።

የቶዮታዎቹም ያሳስታሉ። 2ኤልና 3ኤል ለዓይን መንታ ናቸው። አንዱ 2,446 ሲሲ፣ ሌላው 2,779። አጎቴ አዲስ አበባ ካለ አንድ ሱቅ 3ኤል ብሎ ገዝቶ፣ በአይሱዙ አስጭኖ አምጥቶ፣ ደሴ ላይ ጭቃው ሲጠረግ ብሎኩ ላይ 2ኤል የሚል ወጣ። ሱቁ አልመልስም አለ። እኔም ከዚያ በኋላ ሞተር የሚገዛ ሰው ሳይ ጨርቅ ይዘህ ሂድ እላለሁ።

ኮምፒውተር ያለውን ሞተር ሽማግሌ መካኒኮች አይወዱትም። ሽቦው ብዙ ነው፣ ቁልፉን ካላወቀ አይነሳም። መመርመሪያ ማሽን የያዙ ወጣቶች ግን እየደፈሩት ነው። ዲኤክስ ላይ ባለ 1,290 ሲሲው 4ኬ ወርዶ ሌላ የኮሮላ ሞተር ይገባል። ቀላል ሥራ ነው። ቮልስ ላይ የሚሞክር አላየሁም፤ ሞተሩ ከኋላ ነው፣ በአየር ነው የሚቀዘቅዘው፣ ራዲያተር የሚቀመጥበት ቦታ እንኳ የለም።

ወረቀቱ

ሊብሬ ላይ የሻንሲም የሞተርም ቁጥር አለ። ሞተር ሲቀየር የሊብሬው ቁጥርም መቀየር አለበት። ለዚህ ሞተሩ በሕጋዊ መንገድ ስለመግባቱ የጉምሩክ ሰነድ ይጠየቃል። ሰነድ የሌለው ሞተር ርካሽ የሚሆነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የዓመቱ ምርመራ ላይ ቁጥሩ አልገጥም ሲል ቦሎ ይከለከላል።

በ2016 መንግሥት ከኤሌክትሪክ ውጭ ያሉ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ ያለውን መኪና ማቆየት ይበልጥ ዋጋ አግኝቷል።

የወረደው ሞተር ብዙ ጊዜ ለቆራሌው ይሸጣል። የዚያች ባለ 109 ባለቤት ግን አልሸጠም። ቤቱ በረንዳ ላይ ማዳበሪያ አልብሶ አስቀምጦታል። ምነው ብዬ ስጠይቀው «ሊብሬው ላይ ያለው ቁጥር እኮ የዚህ ነው» አለኝ። ቁጥሩ ከተቀየረ ሁለት ዓመት እንዳለፈው የነገረችኝ ሚስቱ ናት።