ጃንጎን ከድረ ገጽ ውጭ መጠቀም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጃንጎ በፓይተን ድረ ገጽ መሥሪያ ፍሬምወርክ ነው። የጃንጎን ኦአርኤም፣ ማለትም ከዳታቤዝ ጋር የሚያገናኘውን ክፍል፣ ድረ ገጽ በሌለው የፓይተን ስክሪፕት ውስጥ ለመጠቀም የሚፈልግ ጀማሪ በመጣ ቁጥር ያንኑ ነገር ማስተባበል ስለሰለቸኝ፣ አንድ ጊዜ ጽፌው ልገላገል።

«ጃንጎን ኢምፖርት ማድረግ ሰርቨር ያስነሳል።» አያስነሳም።

«የሚያስፈልገኝን ፎልደር ብቻ ቆርጬ እወስዳለሁ።» የዳታቤዙ ኮድ ከሴቲንግሱ (ከፕሮጀክቱ ቅንብር) እና ከአፖች መዝገብ (ከፕሮጀክቱ ክፍሎች ዝርዝር) ጋር የተሳሰረ ስለሆነ አንዱን ሲጎትቱት ሌላው ይከተላል። የፒኤችፒ ፍሬምወርክ የሆነው ላራቬል የዳታቤዝ ክፍሉን ለብቻው በሚጫን ፓኬጅ ያቀርባል፤ ጃንጎ ግን አንድ ወጥ ፓኬጅ ነው። ሙሉውን ጭናችሁ የምትፈልጉትን ብቻ ተጠቀሙ።

«ሞዴሉን (የዳታቤዙን ሠንጠረዥ የሚወክለውን ክላስ) ኢምፖርት ካደረግሁ ይበቃል።» አስቀድሞ ሴቲንግሱ ይዋቀራል፤ ቀጥሎ በ1.7 እትም የመጣው የሴትአፕ ፈንክሽን ይጠራል፤ ሞዴሉ ኢምፖርት የሚደረገው ከዚያ በኋላ ነው። ኢምፖርቶችን ሁሉ ፋይሉ አናት ላይ የመደርደር ልማድ እዚህ ላይ ያስቀጣል።

«ከሴትአፕ በኋላ ሁሉም ነገር እንደ ድረ ገጹ ይሠራል።» እኔን የሚያበሳጨኝ ይህ ነው። በድረ ገጽ ላይ እያንዳንዱ ሪኩዌስት (ከጎብኚ የሚመጣ ጥያቄ) ሲጀምርና ሲያልቅ ጃንጎ በስተጀርባ ጽዳት ያካሂዳል፤ ያረጁ የዳታቤዝ ኮኔክሽኖችን ይዘጋል፣ ዲበግ (ስህተት መፈለጊያው ሁነታ) ክፍት ሲሆን የሚመዘግባቸውን ኩዌሪዎችም (ለዳታቤዙ የሚላኩ ትእዛዞችን) ያራግፋል። በስክሪፕት ውስጥ ሪኩዌስት የሚባል ነገር ስለሌለ የሚያጸዳ የለም፤ የኩዌሪ መዝገቡ እንኳ እስከ 9,000 ድረስ ይከመራል።

አንድ ደንበኛዬ ማታ 4 ሰዓት ሥራውን ጨርሶ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የመጋዘን ቆጠራ የሚያነብ፣ ሌሊቱን ሳይዘጋ የሚያድር ስክሪፕት ነበረው። ማይኤስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ ሥራ የፈታ ኮኔክሽንን በመደበኛ ቅንብሩ ከ28,800 ሰከንድ፣ ማለትም ከ8 ሰዓት በኋላ ይቆርጠዋል፤ ስክሪፕቱ ግን የሚነቃው በ9ኛው ሰዓት ስለሆነ ጠዋት ጠዋት የሞተ ኮኔክሽን ይዞ ይወድቅ ነበር። እንደገና ሲያስነሱት ስለሚሠራ «ኔትወርኩ ነው» ተባለ፤ በአገራችን ይህን ምክንያት የሚጠራጠር የለምና። መፍትሔው በየዙሩ መጀመሪያ ላይ ክሎዝ ኦልድ ኮኔክሽንስ የሚባለውን የጃንጎ ፈንክሽን መጥራት ብቻ ነበር፤ እኔ እስክደርስ ግን ራውተሩ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል።