ፒክስ ከረጢት ምንድን ነው?

ጎንደር ውስጥ፣ ደንቢያ ላይ ሽምብራ የሚደርሰው ጥርና የካቲት ገደማ ነው። ያኔ ሁሉም ሰው እጅ ላይ ሽምብራ አለ፣ ዋጋውም ይወርዳል። መቼም ገበሬው እስከ ክረምት ቢያቆየው የተሻለ እንደሚሸጠው ጠፍቶት አይደለም። ነቀዙ አያስጠብቀውም እንጂ። ሐምሌ ላይ ማዳበሪያው ሲፈታ እጅ የሚገባው የተበሳሳ ፍሬና ዱቄት ነው። (ጆንያውን ሁሉ ማዳበሪያ ነው የምንለው። ማዳበሪያው አልቆ ስሙ ከረጢቱ ላይ ቀረ።)

ፒክስ ከረጢት ለዚህ የመጣ ነው። ሦስት ከረጢት አንዱ በአንዱ ውስጥ ገብቶ አንድ ይሆናል። ሁለቱ የውስጦቹ ወፈር ያሉ ላስቲኮች ናቸው። የውጩ ያው የምናውቀው ማዳበሪያ ነው፤ ሥራው ላስቲኮቹን ከመቀደድ መጠበቅ ነው። እህሉ ከተሞላ በኋላ አየሩን ገፋ ገፋ አድርጎ ማስወጣት፣ ከዚያ የእያንዳንዱን አፍ ለየብቻው ጠምዝዞ ማሰር ነው። መብራት የለ፣ ኔትወርክ የለ፣ ባትሪ የለ።

ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን ነቀዞቹ ራሳቸው ተንፍሰው ይጨርሱታል። ከዚያ መብላት ያቆማሉ። የሚገርመው ደግሞ አሟሟታቸው ነው። ነቀዝ ውኃ አይጠጣም። የሚያስፈልገውን ውኃ የሚያገኘው የበላውን በኦክስጅን አቃጥሎ ነው። ኦክስጅኑ ሲያልቅ ውኃውም አብሮ ያልቃል። ስለዚህ ነቀዙ ደርቆ ይሞታል፤ ከመታፈን ይልቅ ጥም ይገድለዋል።

ሐሳቡ የተጠነሰሰው በአውሮፓውያን 1980ዎቹ መጨረሻ፣ ካሜሩን ውስጥ ነው። የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ላሪ መርዶክና ባልደረቦቹ የባቄላ ዘመድ ለሆነ አንድ ጥራጥሬ ነበር ያዘጋጁት። በኋላ ለበቆሎ፣ ለስንዴ፣ ለማሽላም ሆነ።

እውነት ለመናገር ነገሩ ለእኛ አገር ሰው ፍጹም አዲስ አይደለም። ጉድጓድ ቆፍሮ እህል የሚቀብር ሰው ምን እያደረገ ነበር? አየር እየዘጋ ነው። ሽምብራን ከጤፍ ጋር ቀላቅለው የሚያስቀምጡ እናቶችም አሉ። ጤፍን ነቀዝ አይነካውም፣ ክፍተቱንም ሞልቶ ነቀዙን መላወሻ ያሳጣዋል። የጉድጓዱ ችግር እርጥበቱ ነበር። የጤፉ ደግሞ ኋላ መንፋቱ።

ነቀዝ ለመግደል እህል ውስጥ ከሚጨመረው ኪኒን ጋር ሲተያይ ግን ልዩነቱ የነፍስ ነው። የነቀዝ ኪኒን እርጥበት ሲያገኝ መርዛም ጋዝ ይለቃል። የገጠር ቤት ውስጥ እህሉና ሰው የሚያድሩት ደግሞ አብረው ነው። ነቀዙን የገደለ ጋዝ ልጅ አይምርም። ለእኔ ከረጢቱን የሚያስመርጠው ከምንም በላይ ይሄ ነው።

ከረጢቱ የማይችለው ነገርም አለ። እርጥብ እህል ከገባበት ይሻግታል። መድረቁን በጥርስ ሰብሮ ማየት የቆየ ዘዴ ነው። ሌላው የጨው ዘዴ ነው። ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት እህልና ደረቅ ጨው ጨምሮ ደህና አድርጎ መነቅነቅ፣ ትንሽ ቆይቶ ማየት። ጨው ግድግዳው ላይ ከተለጠፈ እህሉ ገና ፀሐይ ይፈልጋል። አይጥም ላስቲኩን ከበሳችው አለቀ፣ ተራ ማዳበሪያ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ከግድግዳ ራቅ አድርጎ እንጨት ርብራብ ላይ ማስቀመጥ፣ ድመትም ካለች ማባበል።

ሌላው ስህተት በየሳምንቱ እየፈቱ መቅዳት ነው። በተከፈተ ቁጥር አየር ይገባል። ለወጥና ለቆሎ የሚሆነውን አስቀድሞ ለይቶ፣ ለገበያ የታሰበውን እስከ ቀኑ አለመንካት ነው የሚያዋጣው። በደንብ ደርቆ የገባ እህል ለዘርም ይሆናል፤ ይበቅላል። ብቻ የዘሩ ከረጢት ላይ ምልክት ይደረግበት። ነሐሴ ላይ ቤት ያለው ሲያልቅ ተሳስቶ ሽሮ የሆነ ዘር ለመስከረም አይደርስም።