ሕብረ ሕዋስ ምንድን ነው? ነጭ ክር ሁሉ ነርቭ አይደለም

ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የፈረስ ትርዒቱ ካለቀ በኋላ አንድ አዛውንት ፈረሳቸውን እየሳቡ ወደ እኔ መጡ። ፈረሱ የፊት ግራ እግሩን መርገጥ ይፈራል። ከጉልበቱ በታች፣ በኋላ በኩል፣ አብጦ እንደ ቀስት ወደ ውጭ ጎብጧል። ስዳብሰው ይሞቃል።

«ነርቩ ተበጥሶ ነው አሉኝ» አሉ።

«ማን አለዎት አባቴ?»

«ልጄ በስልኳ አሳየችኝ። አንድ ሰውዬ ሲያስረዳ።»

ሰውዬውን አውቀዋለሁ። ማለቴ ቪዲዮውን። ሦስት ሰው ልኮልኛል። የበሬ እግር ይዞ ከውስጡ ነጭ ገመድ እየሳበ «ይሄ ነርቭ ነው፣ ጅማት የምንለው» ይላል። ቀጥሎ «ሕብረ ሕዋስ ማለት በቃ ሥጋ ነው» ይላል። መጨረሻ ላይ ደግሞ «ደም ሕብረ ሕዋስ ነው የሚሉ አሉ፤ ፈሳሽ ነገር እንዴት ብሎ?» ብሎ ይስቃል። ከሚሉት አንዱ እኔ ነኝ። የእንስሳት ሐኪም ነኝ፣ ይህንኑ ትምህርት አስተምራለሁ። እሱ ሲስቅ እኔ እበግናለሁ።

ሕዋስ ምን እንደሆነ አልደግምም፤ ትምህርት ቤት ተምራችሁታል። ሕብረ ሕዋስ ማለት ለአንድ ሥራ የተሰባሰቡ ሕዋሳት ናቸው፣ በመካከላቸው ካለው ነገር ጋር። «በመካከላቸው ካለው ነገር ጋር» የምትለዋን ያዙልኝ። ሰው ሁሉ የሚዘላት እሷን ነው። በእንስሳት አካል ውስጥ ወገኖቹ አራት ናቸው፦ ሸፋኝ፣ አያያዥ፣ ጡንቻና ነርቭ። ሰውዬውም አራቱን ይቆጥራል። እውነቱን ለመናገር ሳይሳሳት ነው የሚቆጥረው። ችግሩ የሚለይበት መንገድ ነው። ቀይ ከሆነ ጡንቻ፣ ነጭ ክር ከሆነ ነርቭ፣ ፈሳሽ ከሆነ ምንም።

በዓይን መለየት አይቻልም አልልም። ዣቪዬ ቢሻ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1801 ማይክሮስኮፕ ሳይነካ 21 ዓይነት ሕብረ ሕዋስ ዘርዝሯል። ግን አይቶ ብቻ አልነበረም። ቀቅሏል፣ ዘፍዝፏል፣ አድርቋል፣ አሲድ ውስጥ ነክሯል። እናቶቻችን ወጥ ቤት የሚያደርጉት ነው። አሲዱንም ሎሚ ካልነው እሱም አለ።

አሁን የጭቃ ቤት አስቡ። ገጠር ያደገ የጎጃም ሰው ጭቃ ረግጦ ያውቃል። አፈሩ ይቆፈራል፣ ውኃ ይገባበታል፣ የጤፍ ጭድ ይነሰነስበታል፣ ይቦካል። ጭድ ያነሰው ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። አያያዥ የሚባለው ወገን እንዲህ ነው። ጭዱ ኮላጅን የሚባል የፕሮቲን ክር ነው። ጭቃው ክሩ የተነከረበት ነገር ነው። ሕዋሳቱ ደግሞ ረጋጮቹ ናቸው። እዚህም እዚያም ተራርቀው ይቆማሉ፣ ግን ጭቃውንም ጭዱንም የሚያመርቱት እነሱ ናቸው።

ከዚያ ልኩን መለወጥ ነው። ጭዱን አብዝታችሁ ወደ አንድ አቅጣጫ ብታሰልፉት ጅማት ይወጣችኋል። ጭቃው ውስጥ ካልስየም ያለበት ማዕድን ብትጨምሩ አጥንት። የዶሮ አጥንት ኮምጣጤ ውስጥ ጥቂት ቀን ዘፍዝፉ፤ ማዕድኑ ይሟሟና ጭዱ ብቻ ይቀራል፣ አጥንቱን እንደ ላስቲክ ታጥፉታላችሁ። እሳት ውስጥ ብትጥሉት ደግሞ ጭዱ ይቃጠልና የቀረው በጣት ሲነካ ይፈርሳል። ረጋጮቹን ራሳቸውን በቅባት ብትሞሏቸው ጮማ ይሆናሉ። ጭቃውን እስኪፈስ ብታቀጥኑት ደም።

አዎ፣ ደም። ከደም በግምት 55 በመቶው ፕላዝማ ነው፣ ቀሪው ሕዋሳት። ፕላዝማው ቀጭኑ ጭቃ ነው። ጭዱስ? እዚህ ኮላጅን ሳይሆን ሌላ ፕሮቲን ነው፣ ተሟሙቶ ተደብቋል። ስትቆረጡ ክር ሆኖ ይወጣና ደሙ ይረጋል። የደም ሕዋሳት የሚወለዱት መቅኔ ውስጥ ነው፤ በፅንስ ጊዜም የዘር ሐረጋቸው ከአጥንትና ከስብ ጋር አንድ ነው። እዚህ ላይ ግን ምሳሌዬ ይፈርሳል፣ ሳይነገረኝ ልናገር። የፕላዝማውን ፕሮቲን በአብዛኛው የሚሠራው ጉበት እንጂ የደም ሕዋሳቱ አይደሉም። ረጋጮቹ ጭቃውን ከጎረቤት አስመጥተዋል ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ደምን ለብቻው እናስቀምጥ የሚል ካለ እንከራከራለን፣ ቡናም እጋብዘዋለሁ። «ፈሳሽ ስለሆነ» የሚለኝን ግን አልጋብዝም።

ወደ ጅማት እንመለስ። ቃሉ ጥፋት የለበትም። ከማይክሮስኮፕ በፊት የነበረ ቃል ነው፣ ክር የመሰለውን ሁሉ አቅፎ ኖሯል። ጡንቻን ከአጥንት የሚያስረውም ጅማት ነው። አጥንትን ከአጥንት የሚያስረውም ጅማት ነው። አንዳንዱ ነርቩንም ጅማት ይለዋል። ወለምታ የምንለው በአብዛኛው ሁለተኛው ሲለጠጥ ወይም ሲቀደድ ነው፤ ነርቭ የለበትም። የለበትም ስል ጥፋቱ የነርቭ አይደለም ማለቴ ነው። ሕመሙንማ የሚያደርሰው ነርቭ ነው።

በጭቃ ቤታችን ጅማት ማገሩ የታሰረበት ልጥ ነው። ነርቭ በግድግዳው ላይ የተዘረጋው የመብራት ሽቦ ነው። ልጡን ብትበጥሱት ማገሩ ይላቀቃል፣ አምፖሉ ግን ይበራል። ሽቦውን ብትበጥሱት ቤቱ ይጨልማል፣ ማገሩ ግን ንቅንቅ አይልም። ሽንኩርት ስትከትፍ ጣቷን የተቆረጠች ሴት አስቡ። የሚያጥፈው ጅማት ከተቆረጠ ጣቷ አይታጠፍም፣ በመርፌ ጫፍ ብትነኳት ግን ትጮሃለች። እዚያው ጣት ላይ ያለው ነርቭ ከተቆረጠ ጣቷ ይታጠፋል፤ መርፌው አይሰማትም። ጣት የሚያጥፈው ጡንቻ ክንድ ላይ ነውና ትእዛዙ የሚደርሰው እዚያ ነው። ይህን ፈተና ለማድረግ ምንም ማሽን አያስፈልግም።

ደግሞ አንድ ነገር። በእጃችሁ የምትይዙት ነርቭ ራሱ ንጹሕ ነርቭ አይደለም። ሽቦዎቹ በአያያዥ ሕብረ ሕዋስ ተጠቅልለው፣ ደም ሥር ተጨምሮላቸው ነው ገመድ የሚመስሉት። ንጣቱም ከመጠቅለያውና ሽቦዎቹ ከለበሱት ቅባት የመጣ ነው። ስለዚህ ነጭነት ምንም አይነግራችሁም። ቤተ ሙከራም ቢሆን የዋህ አትሁኑ። ማይክሮስኮፕ ሥር ለማየት በምንቀባው በተለመደው ቀለም ኮላጅንም ለስላሳ ጡንቻም (የአንጀት ግድግዳው ዓይነት) ሮዝ ናቸው። ተማሪ ሆኜ ስንቴ አምታትቻቸዋለሁ። ሌላ ቀለም ስንጨምር ነው አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቀይ የሚሆነው።

ጅማቶቹም እርስ በርስ አንድ አይደሉም። ለፋሲካ ቅርጫ ገብተን የአንገት መደብ የደረሳቸው ጎረቤቴ «ከማለዳ ጀምሬ ብቀቅለው፣ ብቀቅለው፣ ይሄ ቢጫው ነገር እምቢ አለኝ» አሉኝ። ልክ ናቸው። በሬ ቀኑን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ሲግጥ ጭንቅላቱን የሚሸከምለት ወፍራም ቢጫ ጅማት አለ። ጭዱ በአብዛኛው ኮላጅን ሳይሆን ኤላስቲን ነው፤ እንደ ላስቲክ ተስቦ ይመለሳል። ኮላጅን ሲፈላ ይሟሟል። የቅልጥም ሾርባ አድሮ የሚረጋው ለዚህ ነው። ኤላስቲን ግን እስከ ማግስቱ ቢቀቀልም አይበገርም። «እትዬ፣ እንጨት አይጨርሱ፣ ለውሻ ይስጡት» አልኳቸው።

«ሕብረ ሕዋስ ማለት ሥጋ ነው» ለሚለውም መልሱ እዚያው ቅርጫ ላይ ነው። አንዲት ቁራጭ ቁርጥ ያዙ። ቀዩ ጡንቻ ነው። እያላመጣችሁ የምትተፉት ልፋጭ አያያዥ ነው፣ ጮማውም እንደዚያው። ውስጡ ያለፉት የደም ሥሮች በሸፋኝ ተለብጠዋል፤ በዓይን የማይታዩ ነርቮችም አሉ። አራቱም ወገን አንድ ጉርሻ ውስጥ ገብቷል። ጡንቻ ራሱ ሦስት ዓይነት ነው፦ በፈቃዳችን የሚታዘዘው፣ ማንም ሳያዘው የሚመታው የልብ፣ እና በአንጀትና በደም ሥር ግድግዳ ቀስ ብሎ የሚኮማተረው። በዚህ ላይ ሰው ብዙ አይሳሳትም፣ እለፉት።

ሸፋኙን ግን ብዙ ሰው «ቆዳ» ብሎ ይዘጋዋል። ቆዳ አካል ነው፤ ሸፋኙ የላይኛው ስስ ክፍሉ ብቻ ነው። ይህን ከብራና ፋቂ የበለጠ የሚያውቅ የለም። የፍየሉ ቆዳ ተዘፍዝፎ በእንጨት ላይ ይወጠራል። በውስጥ በኩል ሞራና ልፋጩ ይፋቃል፣ በውጭ በኩል ጠጉሩ ከነላይኛው ቆዳ ይነሣል። የተፋቀው የውጩ ሸፋኝ ነበር። የቀረው አያያዥ ነው፣ በሁሉም አቅጣጫ የተጠላለፈ ኮላጅን። በየገዳማቱ ብራናው ላይ ጽሑፉ መቶ ዓመታትን የሚሻገረው በዚህ ጭድ ብርታት ነው። የማሲንቆው ጭራ ከሸፋኝ ወገን ነው፤ ከበግ አንጀት የተፈተለው የበገና አውታር ደግሞ ከአያያዥ። ሁለቱም ክር፣ ሁለቱም ነጣ ያሉ፣ ዘራቸው ግን ለየቅል።

የሸፋኝ ሕዋሳት ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ይቆማሉ፣ በመካከላቸው ጭቃ የለም ማለት ይቻላል። የራሳቸው የደም ሥር የላቸውም፤ ከሥራቸው ካለው አያያዥ ይመገባሉ። ቶሎ ያልቃሉ፣ ቶሎ ይተካሉ። የአንጀት ልባጭ ከ3 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ይታደሳል። መሸፈን ብቻም አይደለም ሥራቸው። ምራቅ የሚያመነጩት፣ ወተት የሚሰጡት፣ አብዛኛው የጉበት ሕዋስ ጭምር ከዚሁ ወገን ናቸው። ጉበትን ሸፋኝ ማለት ጆሮ እንደሚቆረቁር አውቃለሁ። ስሙን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም።

ፈረሱን አልረሳሁትም። ፈረስ ከፊት ጉልበቱ በታች ይህ ነው የሚባል ጡንቻ የለውም። ላይ ያለው ጡንቻ ይስባል፣ ታች ያለው ረጅም ጅማት ይቀበላል። በጠንካራ መሬት ሲጋልብ የሚቀደደው ይህ ጅማት ነው። ደም በብዛት ስለማይደርሰው ቶሎ አይድንም፤ የሚተካው ጭድም እንደ በፊቱ አይሰለፍም።

አዛውንቱ ከኪሳቸው በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አወጡ። «ለነርቭ» ተብለው የገዙት የቫይታሚን መርፌ ነበር።

«አባቴ፣ ይሄ ልጥ አይቀጥልም» አልኳቸው። «በቀዝቃዛ ውኃ ያብርዱለት፣ እኔ ማስታገሻ እሰጠዋለሁ፣ እግሩንም እናስርለታለን። ከዚያ ዕረፍት ነው። ለመጪው ጥር ላይደርስልዎት ይችላል።»

«ነርቩ እንዳልተበጠሰ በምን አወቅህ?»

እስክሪብቶዬን ክዳኑን ሳልነቅል ያዝኩ። ከሰኮናው በላይ፣ ተረከዙ ጋ ያለውን ለስላሳ ቆዳ ጫን አልኩት። ፈረሱ ያን መርገጥ የፈራውን እግር ነጥቆ አነሣው፣ ጆሮውንም ወደ ኋላ አጣጥፎ አፈጠጠብኝ።

«ሰማህ» አሉት አዛውንቱ፣ አንገቱን መታ መታ እያደረጉ።