ከኮሌጅ በረዶ ወደ ደሞዝ፦ የሴት ሆኪ ተጫዋች መንገድ

ማርች 2025፣ ሚኒያፖሊስ። የአሜሪካ ኮሌጆች የሴቶች የበረዶ ሆኪ ዋንጫ ፍጻሜ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ኦሃዮ ስቴት ዊስኮንሲንን 3 ለ 2 እየመራ ነው። ጨዋታው ሊያልቅ 20 ሰከንድ እንኳ አልቀረውም። ጎሉ አፍ ላይ ትርምስ ተፈጠረ። የዊስኮንሲን አሠልጣኝ «ቪዲዮው ይታይልን» አሉ። ታየ። አንዲት የኦሃዮ ተጫዋች ጎሉ ክልል ውስጥ ፓኩን በእጇ ሸፍናዋለች። ፓክ ማለት በሆኪ የኳስን ቦታ የሚይዘው ጠፍጣፋ ጥቁር ጎማ ነው። ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠ። ከርስተን ሲምስ ከሜዳው መሀል ተነስታ ብቻዋን ከግብ ጠባቂዋ ጋር ተፋጠጠች። አገባች። ጭማሪ ሰዓት ተገባ፤ እዚያም እሷው አገባች። 4 ለ 3። ለዊስኮንሲን ስምንተኛ ዋንጫው ሆነ።

ሲምስ ኮሌጅ ገና አልጨረሰችም ነበር። በዚያ በረዶ ላይ ለነበሩ አንዳንድ ልጆች ግን ያ የመጨረሻ የኮሌጅ ጨዋታቸው ነው። ከዚያስ? ለዚህ ጥያቄ ለረጅም ጊዜ የነበረው መልስ አጭር ነበር፦ ሥራ ፈልጊ።

ኮሌጁ ከሊጉ ቀድሞ ተሠራ

በሰሜን አሜሪካ የሴቶች ሆኪ ነገሩ ሁሉ የተገላቢጦሽ ነው የተገነባው። በሌሎች ብዙ ስፖርቶች መጀመሪያ ሰው ከፍሎ የሚያየው ሊግ ይኖራል፤ ማሠልጠኛው ቀስ በቀስ ከሥሩ ይበቅላል። እዚህ ግን ማሠልጠኛው ቀደመ። ሊጉ እያነከሰ ከኋላ መጣ።

መነሻው በ1972 በአሜሪካ የወጣው «ታይትል ናይን» የሚባለው ሕግ ነው። የመንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ የትምህርት ተቋም በፆታ ምክንያት ማንንም እንዳያገል ይከለክላል። ኮሌጆች ለሴቶቹም ከወንዶቹ ጋር የሚመጣጠን የስፖርት ዕድል እንዲሰጡ ተገደዱ። ያም ሆኖ ሆኪ ቶሎ አልደረሰውም። የወንዶቹ የኮሌጅ ሻምፒዮና በ1948 ነው የተጀመረው። የሴቶቹን ግን፣ የአሜሪካ ኮሌጆች የስፖርት ማኅበር የሆነው ኤንሲኤኤ ማዘጋጀት የጀመረው በ2001 ነው፤ የመጀመሪያውን ዋንጫ ሚኒሶታ ዱሉት ወሰደ። በመሀል 53 ዓመት አለ። ያንን በር የገፋው ኦሎምፒክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1998 ናጋኖ ላይ ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ሆኪ ተጫወቱ፤ አሜሪካ ካናዳን 3 ለ 1 አሸንፋ ወርቁን ወሰደች። ያንን ጨዋታ በቴሌቪዥን ያየች ሕፃን አድጋ ኮሌጅ ስትገባ ቡድኑ ተዘጋጅቶ ጠበቃት።

ዛሬ በከፍተኛው እርከን ከ40 በላይ የኮሌጅ ቡድኖች አሉ። ምልመላው ልጅቷ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እያለች ነው የሚጀምረው። ሚኒሶታና ኦንታሪዮ ዋነኞቹ ምንጮች ናቸው። ከቼክ፣ ከስዊዘርላንድ፣ ከፊንላንድም የሚመጡ አሉ፤ አገራቸው ውስጥ ትምህርትንና ሆኪን እንዲህ አጣምሮ የሚሰጥ ቦታ ማግኘት ይከብዳቸዋልና። ብዙዎቹ ኮሌጆች የትምህርት ወጪን የሚሸፍን ስኮላርሺፕ ይሰጣሉ። እንደ ሃርቫርድና ፕሪንስተን ያሉት የአይቪ ሊግ ትምህርት ቤቶች ግን ለስፖርት ብለው ስኮላርሺፕ አይሰጡም። እዚያ የምትገባ ተጫዋች የትምህርት ክፍያ ድጋፍ የምታገኘው እንደማንኛውም ተማሪ በቤተሰቧ አቅም ተመዝና ነው።

የሳምንቱ አካሄድ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። ጨዋታው አብዛኛውን ጊዜ አርብና ቅዳሜ፣ ከአንድ ቡድን ጋር ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ነው። አርብ የተሸነፍሽው ቡድን ቅዳሜ እዚያው ቆሞ ይጠብቅሻል። በቀሪዎቹ ቀናት ክፍል፣ ልምምድ፣ ጂም። ከሜዳ ውጭ ሲኬድ የቤት ሥራው አውቶብስ ላይ ይሠራል።

የዚህ ዓለም ትልቁ የግል ሽልማት የፓቲ ካዝማየር ሽልማት ነው። ካዝማየር የፕሪንስተን ተጫዋች ነበረች። በ1990 ብዙም በማይታወቅ የደም በሽታ በ28 ዓመቷ አረፈች። ሽልማቱ ከ1998 ጀምሮ በየዓመቱ ለምርጧ የኮሌጅ ተጫዋች ይሰጣል። የቡድን ነገር ከተነሳ ደግሞ የ2012/13ቱ ሚኒሶታ ሳይጠቀስ አይታለፍም፦ 41 ጨዋታ፣ 41 ድል። አቻ እንኳ የለም።

ገደሉ

እንግዲህ እዚህ የደረሰች ተጫዋች ዶክተር አላት፣ የጥንካሬ አሠልጣኝ አላት፣ ዱላዋንና የበረዶ መንሸራተቻ ጫማዋን የሚገዛላት አለ፣ በቀን ብርሃን የምትለማመድበት በረዶ አላት። ተመረቀች። በማግሥቱ ይህ ሁሉ የለም። ስፖርቱን የሚያውቁ ሰዎች ስለዚህ ሲያወሩ ከደረጃ ወደ ደረጃ ስለመሸጋገር አልነበረም የሚያወሩት፤ ከገደል ስለመውደቅ ነበር።

ሊግ ጭራሽ አልነበረም ማለት አይደለም። በ2007 የካናዳ የሴቶች ሆኪ ሊግ ተቋቋመ። ጥሩ ጨዋታ ነበረው፤ ደሞዝ ግን አልነበረውም። በዓለም ዋንጫ ወርቅ ያጠለቀች ተጫዋች ቀን ሌላ ሥራ ሠርታ ማታ ልምምድ ትገባለች። በ2017 ሊጉ አነስተኛ አበል መክፈል ጀመረ። በዓመት ከ2 ሺህ እስከ 10 ሺህ የካናዳ ዶላር ነበር። በአሜሪካ በኩል በ2015 ሌላ ሊግ በአራት ቡድን ተነሳና ደሞዝ እከፍላለሁ አለ፤ ዝቅተኛው 10 ሺህ ዶላር። ሁለተኛው ዓመት ሳይጋመስ ያችኑ ደሞዝ በትልቁ ቆረጣት።

በ2019 የካናዳው ሊግ ጨርሶ ተዘጋ። ያኔ ነው ከ200 በላይ ተጫዋቾች ተነጋግረው ያደሙት። አቋማቸው ግልጽ ነበር፦ መድን የሌለው፣ መተዳደሪያ የማይሆን ክፍያ የሚከፍል ሊግ ውስጥ አንጫወትም። የራሳቸውን ማኅበር አቋቁመው በየከተማው እየዞሩ የማሳያ ጨዋታ ያደርጉ ጀመር። ቀላል ውሳኔ አልነበረም። የአንድ ተጫዋች ምርጥ ዕድሜ አምስት ስድስት ዓመት ቢሆን ነው፤ አራቱን በዚህ አቃጠሉት። በእነዚያ ዓመታት ከኮሌጅ የወጡ ልጆች ምርጫቸው ሦስት ነበር፦ ማኅበሩን ተቀላቅሎ መጠበቅ፣ ደሞዙ ትንሽ ወደሆነው የአሜሪካ ሊግ መግባት፣ ወይም ሻንጣ ይዞ ወደ ስዊድን ሊግ መሄድ። አራተኛም አለ፤ የበረዶ ጫማን መስቀል። ብዙዎቹ የመረጡት እሱን ነው።

በ2023 የተዘጋው በር ተከፈተ። የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ የቤዝቦል ቡድን ባለቤት ማርክ ዋልተርና የቴኒሷ ቢሊ ጂን ኪንግ ገንዘቡን ይዘው መጡ። የቀረውን ሊግ ገዝተው ዘጉትና አንድ አዲስ ሊግ መሠረቱ። የሴቶች ፕሮፌሽናል ሆኪ ሊግ ይባላል። ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ቅደም ተከተሉ ነው። ቡድኖቹ ስም እንኳ ሳይወጣላቸው፣ አንድም ጨዋታ ሳይደረግ፣ ከተጫዋቾቹ ጋር እስከ 2031 የሚዘልቅ የኅብረት ስምምነት ተፈርሞ ነበር። ዝቅተኛው ደሞዝ 35 ሺህ የአሜሪካ ዶላር፤ በየዓመቱ 3 በመቶ ይጨምራል። እያንዳንዱ ቡድን ቢያንስ ለስድስት ተጫዋቾች 80 ሺህና ከዚያ በላይ መክፈል አለበት። በዝቅተኛው ደሞዝ የሚያዙት ከዘጠኝ አይበልጡም። በላዩ ላይ የቤት አበልና የጤና መድን አለ። 35 ሺህ ዶላር በቦስተን ወይም በቶሮንቶ እዚህ ግባ የሚባል ገንዘብ አይደለም። ከ2 ሺህ ጋር ሲያስተያዩት ግን ሌላ ዓለም ነው።

ድራፍት፦ ጠባቡ በር

መግቢያው ድራፍት ነው። ቡድኖች በተራ አዳዲስ ተጫዋቾችን ይመርጣሉ፤ ልጅቷ ከተማዋን አትመርጥም። 18 ዓመት የሞላት መመዝገብ ትችላለች፤ አብዛኞቹ ግን ኮሌጅ ጨርሰው ነው የሚመጡት።

ማን ቀድሞ ይምረጥ የሚለው ጉዳይ ላይ ሊጉ ጥሩ ዘዴ አለው። በብዙ ሊጎች መጨረሻ የወጣ ቡድን አንደኛ ይመርጣል። ስለዚህ ተስፋ የቆረጠ ቡድን ሆን ብሎ ቢሸነፍ ይጠቀማል። እዚህ ግን ወደ ጥሎ ማለፉ የመግባት ዕድሉ ካከተመበት ቀን ጀምሮ የሚሰበስበው ነጥብ ነው የሚቆጠርለት። ብዙ ነጥብ የሰበሰበ ቀድሞ ይመርጣል። ለመምረጥ ማሸነፍ ግድ ነው።

ሒሳቡን እንይ። በኮሌጆቹ ከፍተኛ እርከን ወደ አንድ ሺህ ተጫዋች አለ። በየዓመቱ ከ200 በላይ ይመረቃሉ። በ2023 የመጀመሪያው ድራፍት 90 ተጫዋቾች ተመረጡ፤ ቡድኖቹ ባዶ ስለነበሩ ነው። በ2024 ቁጥሩ 42 ሆነ። ቫንኩቨርና ሲያትል ተጨምረው ሊጉ ስምንት ቡድን ሲሆን፣ በ2025 48። ከእነዚህም ከአውሮፓ ክለቦች በቀጥታ የሚመረጡ አሉ። ያልተመረጠች ልጅ ሁሉ ነገር አበቃላት ማለት አይደለም። የቅድመ ውድድር ልምምድ ላይ ተጋብዛ ውል ያገኘች አለች። ተጠባባቂ ሆና የምትፈርምም አለች፤ ከቡድኑ ጋር ትለማመዳለች፣ ሰው ሲጎዳ ትጠራለች። ስዊድንም አሁንም አለ።

በረዶው ላይ ያለው ልዩነት

ከኮሌጅ የመጣች ተጫዋችን መጀመሪያ የሚያስደነግጣት ግጭቱ ነው። ኮሌጅ ውስጥ ሆን ብሎ በሰውነት መግጨት ያስቀጣል። በአዲሱ ሊግ ፓኩን ለመንጠቅ እስከሆነ ድረስ ሰፋ ያለ ፈቃድ አለ። ኮሌጅ እያለች ጥግ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ፓኩን ስትጠብቅ የነበረች አጥቂ፣ አሁን እንደዚያ ብትቆም ከግድግዳው ጋር ትጣበቃለች። ስለዚህ ፓኩ ሳይደርሳት ዞር ብላ ማን እየመጣ እንደሆነ ማየት አለባት። ይህቺን ትንሽ የአንገት ዞር ማለት በ22 ዓመት እንደ አዲስ መማር ቀላል አይደለም።

ከዚህ ሌላ ደካማ ቡድን የሚባል ነገር የለም። ኮሌጅ ውስጥ 7 ለ 0 የሚያልቅ ቅዳሜ አለ። እዚህ ሦስተኛው መስመር (በየተራ ከሚገቡት የአጥቂዎች ምድብ ሦስተኛው) ላይ የምትገጥምሽም የብሔራዊ ቡድን ተጫዋች ልትሆን ትችላለች።

መንገዱ ያለ እንከን ሲሠራ ምን እንደሚመስል ቴይለር ሃይዚ አሳይታለች። የሚኒሶታ ልጅ ናት። በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተጫወተች፣ በ2022 የካዝማየርን ሽልማት ወሰደች። በሴፕቴምበር 2023 በመጀመሪያው ድራፍት የመጀመሪያዋ ተመራጭ ሆነች፤ የመረጣትም የሚኒሶታ ቡድን ነው። በሜይ 2024 ሚኒሶታ ቦስተንን በአምስት ተከታታይ ጨዋታዎች 3 ድል ለ 2 አሸንፎ የሊጉን ዋንጫ፣ የመጀመሪያውን የዋልተር ዋንጫ፣ ሲያነሳ የጥሎ ማለፉ ኮከብ እሷ ነበረች። ቤቷን ሳትለቅ ሁሉንም አገኘች። እንዲህ የሚቀናው ጥቂቱ ነው።

የኤላ ሼልተን ይለያል። በክላርክሰን ዩኒቨርሲቲ ሁለት ዋንጫ አንስታ ኮሌጅ የጨረሰችው በ2020፣ ገደሉ ገና ገደል እያለ ነው። ጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ቶሮንቶ ላይ አዲሱ ሊግ ሲከፈት የሊጉን የመጀመሪያ ጎል ያገባችው እሷ ናት፤ ለኒው ዮርክ። ከዓመት ተኩል በኋላ፣ በጁን 2025ቱ ድራፍት፣ ኒው ዮርክ ለቶሮንቶ አሳልፎ ሰጣት። በምትኩ የወሰደው ሦስተኛውን የምርጫ ተራ ነው። በዚያ ተራ የተጠራችው ኬሲ ኦብራየን ናት፤ ከሦስት ወር በፊት ሚኒያፖሊስ ላይ ከዊስኮንሲን ጋር ዋንጫ ያነሳችው ተመራቂ።